ቅጥር የሌላት ባለ በር ከተማ
ከኩታበር እስከ ሸዋ በር በእግር የሚነበብ የደሴ ታሪክ

የጥንት ከተማን በእግር ማስጎብኘት በአገራችን እንግዳ ሥራ አይደለም። በሐረር ጎብኚው በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በታነጸው የጁገል ግንብ በር ላይ ቆሞ መሪውን ይጠብቃል፤ ከአምስቱ ጥንታውያን በሮች በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ከተማዪቱን አይቻለሁ ብሎ ለመናገር ይደፍራል። በጎንደር የነገሥታቱ ግቢ፣ በአክሱም ሐውልቶቹ፣ በላሊበላ ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት የጉዞውን መነሻና መድረሻ ራሳቸው ይወስናሉ። እነዚህ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት በየተራ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ የተጻፈላቸውም ብዙ ነው። ደሴ ግን ከነዚህ መካከል አትቆጠርም። ግንብ የላትም፤ በከተማነት የኖረችበት ዘመንም 150 ዓመት አልሞላም። ስለዚህ በዋናው ጎዳና ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው መንገደኛ ምሳውን በልቶ፣ ብርዱን ረግሞ ይሄዳል እንጂ «እዚህ ምን የሚታይ አለ?» ብሎ እንኳ አይጠይቅም።

ይህ አስተያየት የሚመነጨው ከተማዪቱን በማይሆን በር ከመግባት ነው። ደሴ በር አላት፤ ቅጥር ብቻ ነው የሌላት።

በወሎ ደጋ «በር» ሲባል ሁልጊዜ የሳንቃ መዝጊያ ማለት አይደለም። ተራራና ተራራ፣ ገደልና ገደል ተቀራርበው መንገደኛው በአንድ ስፍራ ብቻ እንዲያልፍ የሚያስገድዱበት ጠባብ ማለፊያ በር ይባላል። ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ኩታበር በዚህ ስም ከሚጠሩት አንዱ ነው። በከተማዪቱ ደቡባዊ ጫፍ ደግሞ ሸዋ በር አለ። አንደኛው በር ወደ ተንታ፣ ወደ መቅደላና ወደ ደላንታ ያስወጣል፤ ሁለተኛው ወደ ቆላውና ወደ ሸዋ ያወርዳል። በመካከላቸው ያለው የአንድ ቀን የእግር መንገድ የወሎን የ19ኛውና የ20ኛው መቶ ዓመት ታሪክ አብዛኛውን ክፍል ይዟል። በመሆኑም ደሴን በደንብ የሚያስጎበኝ ሰው እንግዳውን ከመኪና መናኸሪያ አይነሣም፤ አስቀድሞ ወደ ኩታበር ይወስደውና ከዚያ በእግር ይዞት ይመለሳል።

የኩታበር ከፍታ የሚያስተምረው የመጀመሪያው ነገር ታሪክ ሳይሆን ውሃ ነው። ከኩታበር በስተምዕራብ የሚመነጨው በሽሎ የመቅደላን ግርጌ በጥልቅ ገደል ዞሮ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከዚያም በሱዳንና በግብፅ አልፎ ባሕር ይገባል። በደሴ በኩል የሚፈሰው ቦርከና ግን በኮምቦልቻ አልፎ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም እንደሚታወቀው በአፋር ምድር ይቀራል እንጂ ከባሕር አይደርስም። በአንድ ክረምት በአንድ ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ እዚህ አካባቢ ለሁለት ተከፍሎ ዳግመኛ ላይገናኝ ይለያያል። መንገዱም እንደ ውሃው ነበር። ከበሽሎ ማዶ የሚመጣ ነጋዴና ወታደር ወደ ምሥራቁ አገር ለመሻገር የሚረግጠው ይህን ሸንተረር ነው።

ደሴ ዋና ከተማ ከመሆኗ በፊት የወሎ ገዥ መቀመጫ በዚሁ በበሽሎ ማዶ ከመቅደላ አቅራቢያ በተንታ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን ያሳለፉባት መቅደላ ከተንታ ፊት ለፊት ትታያለች። የእንግሊዝ ጦር አምባውን አቃጥሎና ዘርፎ ከሄደ በኋላ አገሩ ለወሎ መሳፍንት ፉክክር ተተወ። ከዚያ ፉክክር አሸናፊ ሆነው የወጡት ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ኢማም መሐመድ አሊ ናቸው። ከተንታ ወደ ደሴ የተዛወረው የአንድ መኰንን ድንኳን ብቻ አልነበረም፤ የወሎ ፊት ራሱ ከበሽሎ ገደል ወደ ቦርከና ሸለቆ ዞረ። የኩታበርን መንገድ በእግር የሚሄድ ሰው ያንን የፊት መዞር እግሩ እየደከመ ይከተለዋል።

ከኩታበር ሲወረድ የሚገኘው ሰፊ ሜዳ ቦሩ ሜዳ ነው። አስጎብኚን የሚፈትን ስፍራ ቢኖር ይህ ነው፤ ምክንያቱም በሜዳው ላይ ለዓይን የሚሞላ ነገር የለም። ሣር፣ የገብስ ማሳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ለሥጋ ደዌና ለዓይን ሕሙማን በሰጠው አገልግሎት ስሙ የታወቀው ሆስፒታል፣ ከዚህም ጋር የቦሩ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን። ነገር ግን በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛና በዚያው ዓመት በመጋቢት ልቼ ላይ የገበሩላቸው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ከነሠራዊታቸውና ከነሊቃውንቶቻቸው እዚህ ተሰብስበዋል። ጉባኤው የተዋሕዶን ትምህርት አጽንቶ በሸዋ ሥር ሰዶ የነበረውን የሦስት ልደት ትምህርት አወገዘ። በዚህም ለረዥም ዘመን ቤተ ክርስቲያንን የከፈለው ክርክር በንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ተዘጋ። ለወሎ ግን ይበልጥ የከበደው ከሊቃውንቱ ክርክር በኋላ የመጣው ነገር ነው። የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ንጉሠ ነገሥቱ ክርስትና አንሥተዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ ተቀናቃኛቸው ኢማም አባ ዋጠውም ምኒልክ ክርስትና አንሥተዋቸው ኃይለ ማርያም ተባሉ።

ይህን ስፍራ የሚያስጎበኙ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኞቹ ጉባኤውን የአንድነት መሠረት አድርገው ይናገሩና ወደ ደሴ ይወርዳሉ። ሌሎቹ የግዳጁን ነገር ብቻ አንሥተው ሜዳውን የሐዘን ስፍራ ያደርጉታል። እውነቱ ሁለቱንም ይጠይቃል። መንግሥቱ እንዲጸና ሃይማኖት አንድ መሆን አለበት የሚል ሐሳብ በዘመኑ በሌላውም ዓለም የተለመደ ነበር፤ በአውሮፓም ብዙ ደም አፍስሷል። በሌላ በኩል ትእዛዙ ወደ ተራው ሕዝብ በወረደ ጊዜ አገሩ ተቃጥሏል፤ እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉ የሃይማኖት አባቶች ተከታዮቻቸውን አስከትለው ሸፍተዋል፤ ብዙ ሕዝብም ተሰዷል። በቀን ክርስቲያን በሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረው ሰው ትዝታ በወሎ ቤተሰቦች ዘንድ ዛሬም ይነገራል። የቦሩ ሜዳ ሊቅ የነበሩት መምህር አካለ ወልድ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት በዚህ ምድር ላይ ነው። ስማቸው አሁን በደሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ተጽፎ ይታያል፤ በዚያ በር የሚገቡት ተማሪዎች ግን የሁለቱም ሃይማኖት ልጆች ናቸው።

ከቦሩ ሜዳ ወደ ጢጣ ሲወረድ ከተማዪቱ ትገለጣለች። በምዕራብ የጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ የአዝዋ ገደል፣ በመካከል በቦርከና ዳር የተዘረጋው የቆርቆሮ ጣሪያ። የቦታው ከፍታ ወደ 2,500 ሜትር ይደርሳል። ለመከላከያ የተመቸ፣ ውሃ ያለው፣ ብርዱ ወባን የሚከለክል ስፍራ ነው፤ የጥንት የጦር ሰፈር መራጭ ከዚህ የተሻለ አይፈልግም። የከተማ ቀያሽ ግን ሌላ ያያል። ቁልቁለቱ ላይ የተሠራ ቤት ሁሉ ክረምት በመጣ ቁጥር ከመሬቱ ጋር ይደራደራል፤ ከላይ የሚወርደው ጎርፍና የሚንሸራተተው አፈር በደሴ የታወቀ ችግር ነው። ሜዳው ጠባብ ስለሆነ ከተማዪቱ ወደ ጎን ልትሰፋ አልቻለችም፤ እንደ መቀነት ረዝማ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተዘረጋች። በአንድ መንገድ ላይ የተሰካች ከተማ መሆኗ ለነዋሪው ቢያስቸግርም ለእግረኛ ጎብኚ ይመቸዋል፤ ዘመናቱ ተራ በተራ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይገኛሉና።

ስለ ስሟ የሚነገረው ታሪክ ከሰማይ ይጀምራል። አፄ ዮሐንስ በ1875 ዓ.ም. በዚህ ሰፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ አይተው እንደ መልካም ምልክት በመቁጠር ቦታውን «ደሴ» አሉት፤ ደስታዬ ለማለት ነው ይባላል። ስፍራው ከዚያ በፊት ላኮመልዛ ይባል ነበር። አፈ ታሪክ ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ሆኖም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት መዝገብ እንደሚያስረዳው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1882 በቀን ብርሃን ጭምር የታየ እጅግ ብሩህ ጅራታም ኮከብ ነበር። በአገራችን አቆጣጠር 1875 ዓ.ም. የባተው በዚያው ወር ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው የሚነገረው ትውፊት ቢሆንም ኮከቡ ግን በእርግጥ ነበር።

አሁን ወደ አይጠየፍ መውጣት ያስፈልጋል። መንገዱ አቀበት ነው፤ የደሴ ታላላቅ ነገሮች ሁሉ በአቀበት ላይ ናቸው። ራስ ሚካኤል በዐድዋ ጦርነት የወሎን ፈረሰኞች መርተው ስማቸው ከገነነ፣ የአፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ከወለዱ በኋላ ደሴ ከአዲስ አበባ ቀጥላ የምትጠራ የመንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ልጃቸው የአልጋው ባለቤት በሆነ ጊዜም በግንቦት 1906 ዓ.ም. ሚካኤል የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው በዚችው ከተማ ዘውድ ጫኑ። በኮረብታው ላይ ያለው ታላቁ የግብር አዳራሽ የዚያ ዘመን ትልቁ ምስክር ነው። ቤተ መንግሥቶች ብዙውን ጊዜ የሚያጎሉት የባለቤታቸውን ክብር ሲሆን፣ ይህኛው አዳራሽ ግን ስሙን ያገኘው ከእንግዶቹ ነው፦ ድኻ ሀብታም፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ማንንም የማይጠየፍ ማለት ነው።

«መጠየፍ» የሚለው ቃል ጥቂት ሊቆዩበት ይገባል። ቃሉ ከመናቅ ይለያል። የሚጠየፍ ሰው የሌላውን ማዕድ፣ የሌላውን ዕቃ፣ የሌላውን እጅ ሰውነቱ የሚሸሸው ነው። በወሎ ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። በሠርግና በተዝካር ቤት ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድስት ይዘጋጃል፤ ባለቤቱ ጎረቤቱን አክብሮ ለብቻ ያሳርድለታል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር አንድ ንጉሥ ለግብር ቤቱ ከቃላት ሁሉ መርጦ «አይጠየፍ» የሚል ስም ሲሰጥ በየሰው ልብ ያለውን ነገር በስሙ ጠርቶታል ማለት ነው። ንጉሡ ማን እንደነበሩ ደግሞ ከላይ ታይቷል። መሐመድ አሊ ተብለው ተወልደው በቦሩ ሜዳ ሚካኤል የተባሉት ሰው ናቸው። በአዳራሹ ከሚታደሙት መካከል በጥምቀቱ የጸኑ፣ ወደ ጥንት ሃይማኖታቸው የተመለሱ፣ ከቶም ያልተጠመቁ ነበሩ፤ ሁሉም ግን ያንን ዘመን ያስታውሳሉ። አዳራሹን ብቻ አይቶ የሚመለስ ጎብኚ የአንድ ቸር ንጉሥ ግብር ቤት አይቶ ይመለሳል። ከቦሩ ሜዳ በእግሩ ተጉዞ የደረሰ ግን በስሙ ውስጥ ያለውን ሸክም ያገኛል። የኩታበርን መንገድ ከሌሎቹ መንገዶች የሚያስበልጠው ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው።

ንጉሥ ሚካኤል በአዳራሹ የተቀመጡት ለአጭር ጊዜ ነው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በተሻሩ ጊዜ ጦራቸውን አስከትተው በሸዋ በር በኩል ወረዱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ተመልሰው ደሴን አላዩም፤ በግዞት እንዳሉ በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ አረፉ። የሸዋ በር ለገበያተኛው መውጫና መግቢያ ሲሆን ለንጉሡ መውጫ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከአይጠየፍ ወደ ከተማው መካከል ሲወረድ አስጎብኚው እርምጃውን ቢያፈጥን አይወቀስም። መድኃኔ ዓለም ከከተማዪቱ ቀደምት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ በ1890ዎቹ አጋማሽ የተዘረጋው የቴሌግራፍ መስመር በደሴ ያልፍ ስለነበር ከተማዪቱ ከብዙዎቹ የአገሪቱ ከተሞች ቀድማ ወሬ ሰምታለች። አራዳ፣ ሳላይሽ፣ ሆጤ፣ ሮቢት፣ ቧንቧ ውሃ፦ እነዚህ የሰፈር ስሞች እያንዳንዳቸው የአንድ ዘመን ፊርማ ናቸው። ሮቢት የረቡዕ ገበያን፣ ቧንቧ ውሃ በቧንቧ የሚቀዳ ውሃ ለከተማ ሰው ብርቅ የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። አረብ ገንዳ ደግሞ ከቀይ ባሕር ማዶ መጥተው ጨርቅና ሸቀጥ ይነግዱ የነበሩትን አረቦች ስም ይዞ ቀርቷል። ዘመናዊ አስተዳደር ቀበሌዎቹን በቁጥር ደጋግሞ ሰይሟቸዋል፤ ሰው ግን ቤቱን የሚጠቁመው በነዚሁ ስሞች ነው።

ሰኞ ገበያ ግን ጊዜ ይጠይቃል፤ ቀኑም ሰኞ መሆን አለበት። ገበያው ከተማዪቱ የተቀመጠችበትን ምክንያት በአንድ ቀን ያሳያል። ከኩታበርና ከዙሪያው ደጋ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይወርዳል። ከቆላው ማሽላ፣ ጥጥና በርበሬ ይወጣል። ቀድሞ ዘመን የአፋር ጨው በዚህ በኩል ወደ ደጋው ይሻገር ነበር። ደጋና ቆላ በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ የሚገናኙበት እንዲህ ያለ ስፍራ ብዙ አይገኝም። በገበያው መካከል የሚሰማው የሰላምታ ልውውጥ ብቻውን የሚደመጥ ነው፤ «አብሽር» የሚለው ቃል ከሙስሊሙ ወደ ክርስቲያኑ አፍ ተሻግሮ የሁሉም ሆኗል። የአንድ ቤተሰብ አያት ሐጂ፣ የልጅ ልጁ ዲያቆን ቢሆን በዚህ ገበያ የሚደነቅ የለም። ከአራቱ የአገራችን የዜማ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን የወሰዱት በዙሪያው ካሉ አገሮች መሆኑም ከዚህ መደባለቅ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

የወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ሌላው ማረፊያ ነው። ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። በመሳፍንት ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት የመሳፍንቱን ሥርዓት የሚነቅፉ ልጆች ማፍራቱ የታሪክ ቀልድ ይመስላል። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በጻፈው አጭር ጽሑፍ የአገሪቱን ፖለቲካ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ሐሳብ ያነሣው ዋለልኝ መኰንን የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ ሲገባ ከየወረዳው የፈለሰው ሕዝብ በደሴ ጎዳናዎች ላይ ወደቀ። ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን ጭቆና ከትምህርት ቤቱ ደጅ አገኘው። ያ ረኀብ ለዘውዱ ሥርዓት መውደቅ ያደረገው አስተዋጽኦ ብዙ ተጽፎበታልና እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም።

የጣሊያን ወረራ በከተማዪቱ ላይ ሁለት ዓይነት አሻራ ትቷል። የመጀመሪያው ከሰማይ የወረደው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሲያመሩ ጠቅላይ ሰፈራቸውን በደሴ አደረጉ። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዪቱን በቦምብ ደበደቡ፤ የአድቬንቲስት ሚስዮን ያካሂደው በነበረው ሆስፒታል ላይም ቦምብ ጣሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያው ኋላ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን የዞረው በዚያ ቀን ነው። በከተማዪቱ የውጭ አገር ጋዜጠኞች ስለነበሩ የደሴ ስም በማግሥቱ በሩቅ አገር ጋዜጦች ላይ ወጣ። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር ደሴ ገባ።

ሁለተኛው አሻራ መንገድ ነው። ጣሊያኖች ከአሥመራ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀውን ጎዳና ሲያነጥፉ፣ ከኮምቦልቻም በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደውን ሲከፍቱ ከተማዪቱ ዳግመኛ ፊቷን አዞረች። ፒያሳ በጎዳናው ላይ ተሠራ፤ ሱቁ፣ ሆቴሉ፣ የመኪና ጥገናው ወደዚያ ተሳበ። በሐይቅና በወልድያ በኩል የሚሄደው አዲሱ መስመር ዋናው የሰሜን መግቢያ ሲሆን፣ የመንግሥቱ መቀመጫ ከተንታ የመጣበት የኩታበር መንገድ የጎን መንገድ ሆኖ ቀረ። ዛሬ የደሴን ታሪክ በፒያሳ የሚጀምር ሁሉ ሳያውቀው የጣሊያንን መሐንዲስ ካርታ ይዞ ይጓዛል። ወራሪውን ጦር ያስወጣውም በዚያው መንገድ የመጣ ጦር ነው፤ በ1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኢትዮጵያውያን አርበኞች ጋር ሆኖ በኮምቦልቻ በኩል ያለውን ማለፊያ በብርቱ ውጊያ ከሰበረ በኋላ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ነጻ ወጣች።

ከፒያሳ ግራና ቀኝ በሚገቡት ቅያሶች ውስጥ በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ፣ ፎቃቸው በሳንቃ የታጠረ፣ ሰገነታቸው ወደ መንገድ የወጣ አሮጌ ቤቶች አልፎ አልፎ ይታያሉ። እነዚህን ቤቶች የሠሩት የአገሩ አናጢዎች፣ የከተማ ነጋዴዎችና የውጭ አገር ባለሙያዎች ያመጡትን ሁሉ ቀላቅለው ነው፤ ታችኛው ክፍል ሱቅ፣ ላይኛው መኖሪያ ነው። የሚያሳዝነው መፍረሳቸው ብቻ አይደለም። የከተማ ቤት ማርጀቱና መተካቱ የማይቀር ነው። የሚያሳዝነው አብዛኞቹ ሳይለኩ፣ ንድፋቸው ሳይነሣ፣ የምሰሶው ዓይነትና የማገሩ አሠራር ሳይመዘገብ መፍረሳቸው ነው። አንድ ቤት ለመለካት ሁለት ሰውና አንድ ቀን ይበቃል።

ይህ ጉዳይ በደሴ ሙዚየም ደጃፍ ላይ ሌላ መልክ ይይዛል። ሙዚየሙ የተቋቋመው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ራሱ ቅርስ በመሆኑ ጎብኚው ከዕቃው በፊት ግድግዳውንና ጣሪያውን ቢያይ አይከስርም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ከተማዪቱን ያዙ፤ መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን ማስመለሱን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። በነዚያ ሳምንታት ሙዚየሙ ተዘርፏል። ከወሎ የተለያዩ ወረዳዎች ተሰብስበው በዚያ ቤት ያረፉ ዕቃዎች ከመደርደሪያቸው ጠፍተዋል። ከመቅደላ የተዘረፈው ቅርስ ከ150 ዓመት በኋላ ዛሬም የሚጠየቀው የተወሰደው ተመዝግቦ፣ ያለበትም ታውቆ ነው። ከደሴ የጠፋውን መልሶ ለመጠየቅም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ምን እንደነበረ በዝርዝር የሚናገር መዝገብ፣ ፎቶግራፍና የሚያስታውስ ሰው ነው።

የአስጎብኚው ሥራ ክብደት የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። መደርደሪያው ሙሉ በነበረ ጊዜ መሪው ወደ ዕቃው ጠቁሞ በአጭሩ ማለፍ ይችል ነበር። ዕቃው ሲጠፋ ግን ጎራዴው የማን እንደነበር፣ ብራናው ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ሰው ራሱ መዝገብ ይሆናል። ባዶውን ክፍል ዘሎ የሚያልፍ መሪ ዝርፊያውን ሳያስበው ያግዘዋል። ቆሞ «እዚህ ይህ ነበር» የሚል መሪ ለጊዜው በቃሉ ያቆየዋል። ሆኖም የቃል መዝገብ ዕድሜው የሰው ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ የነዚህን ሰዎች ቃል የሚቀዳ፣ ቀኑንና ስፍራውን የሚጽፍ ሌላ ሰው አጠገባቸው መቆም አለበት። ለዚህ ሥራ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። በሙያ ማኅበራት የየአገሩ ቅርንጫፎች አቅም የሚሠራ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ እየተባለ ከቆየ ግን ጨርሶ የማይሠራ ይሆናል።

የመጨረሻው ማረፊያ ሸዋ በር ነው። መስጊዱ፣ የጭነት መኪናው፣ ወደ ኮምቦልቻ ሰው የሚጠራው ረዳት በአንድነት ይገኛሉ። ከዚህ በኋላ መንገዱ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርዶ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለችው ከኮምቦልቻ ይደርሳል፤ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥ መንገደኛው ካፖርቱን ያወልቃል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ፣ የአውሮፕላን ማረፊያና የባቡር መስመር ከተማ ናት፤ የእርሷ ታሪክ በእግር ሳይሆን በሌላ መንገድ የሚነበብ ነው። ጠዋት አብሮ የተነሣው የኩታበር ገበያተኛ ግን እስከዚህ አይመጣም። በሰኞ ገበያ ገብሱን ሸጦ፣ ጨውና ስኳሩን ቋጥሮ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን ከመለሰ ቆይቷል፤ ጦሳ ፀሐይን ቀድሞ ስለሚጋርድ በደሴ ማታው ቶሎ ይመጣል፤ የቦሩ ሜዳ ብርድም ከመሸ አያስሄድም።